የአሜባዎቹ ሞግዚት

በዓሣ ጤና ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም ሰው ሞግዚቷ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ኃላፊው ዶክተር ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ቀዝቃዛውን ሣጥን ከፍታ፣ ከብልቃጦቹ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ፣ «ምነው አንቺ፣ ዛሬ ምግብ አስጠላሽ እንዴ?» ስትል ደረሱባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት የመግቢያ ካርዷ ብቻ ነው።

ሥራዋ አሜባ ማሳደግ ነው። ይህን ለማያውቃት ሰው ስትናገር ሰውየው ሳይታወቀው ሆዱን ይዳብሳል። «የሰው ሆድ አሜባ አይደለም» ትላለች ቶሎ ብላ፤ «የባሕር ነው። ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ተለጥፎ የሚያሳምም።» ሰውየው እጁን ከሆዱ ያነሳል፤ ያም ሆኖ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። አሜባዎቹ በየሦስት ቀኑ ባክቴሪያ ይቀለባሉ፣ የጨው ውሃቸው ይለወጣል፣ ከበዙ ወደ አዲስ ብልቃጥ ይከፈላሉ። በዚህ የተነሳ ለዓመት ፈቃድ እንኳ ከከተማ ርቃ አታውቅም። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ «የኔ ሚስት ሁለት መቶ ሺህ ልጆች አሏት፤ አንዳቸውም እኔን አይመስሉም» እያለ ያስቃል።

ከላብራቶሪው በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ሲኬድ አንድ የባሕር ወሽመጥ አለ። እዚያ ውስጥ ሁለት የዓሣ እርባታዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ክብ ክብ የመረብ ጉረኖዎች ናቸው፣ ከላይ በቢጫ ተንሳፋፊ ፕላስቲክ የታሰሩ፣ ከታች በመልሕቅ የተያዙ። በስተምሥራቅ ዐለቱ ሥር ያሉት ስድስቱ የእቴቴ ናቸው። በስተምዕራብ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት በኩል ያሉት ስድስቱ ደግሞ የታናሽ ወንድማቸው።

እቴቴ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሴት ናቸው። ወንድማቸውን አገር ምድሩ ዶፉ ይለዋል፤ ማውራት ከጀመረ መጠለያ ፈልጎ እስኪያባራ መጠበቅ ነው እንጂ ማስቆም አይቻልም። እናታቸው የሞቱት እሱ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ነበርና ያሳደጉት እቴቴ ናቸው፤ ጥርሱን የነቀሉለትም፣ መቅዘፍ ያስተማሩትም እሳቸው። አባታቸው ሲያርፉ እርባታውን ያለ አንድ ክርክር እኩል ተካፈሉ።

ክርክሩ የመጣው ከበሽታው ጋር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባሕሩ ሞቅ ባለበት ወራት የሁለቱም ዓሦች ስንጥብ ነጭ ንፍጥ አወጣ፤ ዓሦቹ መብላት ትተው አየር እንዳጠረው ሰው ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዓሣውን ሁለት ሦስት ሰዓት ጨው በሌለው ውሃ ማጠብ፤ የባሕር አሜባ ጨው የሌለው ውሃ ሲያገኘው ያብጥና ይፈነዳል። መዳኑስ ዳኑ፣ ብዙዎቹ። ግን ዶፉ ባገኘው ቦታ ሁሉ «ከሷ መረብ ነው ወደኔ የመጣው» ማለት ጀመረ። እቴቴ ይህን ሲሰሙ «ከሱ ነው» አሉ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እህትና ወንድም ተዘጋጉ። ጀልባዎቻቸው ሲተላለፉ እሳቸው ዐለቱን ያያሉ፣ እሱ ወንዙን።

በሁለተኛው ዓመት በሽታው ሲመለስ የአርቢዎች ማኅበር ሁለቱን ጠርቶ አንድ ወረቀት አስፈረማቸው። ላብራቶሪው ይመርምር፤ ምንጩ የሆነው እርባታ ጉረኖውን ነቅሎ ከወሽመጡ ውጭ፣ ማዕበል ወደሚበዛበት ይሂድ።

ዶክተሩ ሥራውን ለሞግዚቷ ሰጧት።

«ዶክተር፣ ዶፉ እኮ የክፍል ጓደኛዬ ነበር» አለቻቸው። «አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። ሰው ምን ይላል?»

«አሜባው ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ችግር የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሥሩን ፈልጊ።»

ሄዳ ከሁለቱም ወገን ከታመሙ ዓሦች ስንጥብ ላይ በጥጥ እያበሰች ናሙና ወሰደች። ዶፉ ጋ ስትሠራ እሱ ከትምህርት ቤት ዘመናቸው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ዘይት ድረስ አወራላት። እቴቴ ጋ ስትሠራ የሰማችው «ተጠንቀቂ፣ ያንሸራትታል» የሚለውን ብቻ ነው።

ናሙናዎቹ በብልቃጥ ውስጥ አደጉላት። በሦስተኛው ሳምንት በሰማያዊ የሚያበራ ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ አየቻቸው። በእያንዳንዱ አሜባ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ ነጥብ አለ። አንዱ የራሱ የአሜባው አስኳል ነው። ከአጠገቡ ተጠግቶ የተቀመጠው ሁለተኛው ግን ሌላ ፍጡር ነው፤ ከብዙ ዘመን በፊት ገብቶ በዚያው የቀረ እንግዳ። መዋኛ ጭራውን ጥሏል፣ ብቻውን መኖር አይችልም። አሜባዋ ለሁለት ስትከፈል እሱም አብሮ ይከፈልና እያንዳንዷ ልጅ የራሷን እንግዳ ይዛ ትሄዳለች። ሞግዚቷ ይህን ሁልጊዜ የምታየው ነገር ስለሆነ ያን ቀን ብዙም አላሰበችበትም። ባስብበት ኖሮ ብላ በኋላ ተቆጭታለች።

ያን ቀን ያሰበችው የአሜባውን ጂን ስለማንበብ ነው። ከእቴቴ በኩል የጂኑን አሥራ ሁለት ቅጂ አነበበች፤ አምስት ዓይነት አገኘች፣ በጥቂት ፊደል የሚለያዩ። ከዶፉ በኩል ግማሹ ቱቦ ስለተበላሸባት ያነበበችው አምስት ቅጂ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓይነት ወጣ። ሁለቱም ደግሞ ከእቴቴ አምስቱ መካከል የነበሩ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። ብዙ ዓይነት ያለበት ቤት የቆየ ቤት ነው፤ ጥቂት ዓይነት ያለበት ከዚያ ወጥቶ የተተከለ ጎጆ ነው። ስለዚህ በሽታው ከእቴቴ ወደ ዶፉ ሄዷል።

ዶክተሩ ሪፖርቱን ለስብሰባ ሲጣደፉ በር ላይ ቆመው አነበቡት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይመስለኛል።»

በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙት።

በማግስቱ ዶፉ አንድ እቅፍ አበባ ይዞ ላብራቶሪው ድረስ መጣ። ለእውነት እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ፣ በድሮ ጊዜም የሒሳብ መልስ ስታስኮርጀው ተሳስታ እንደማታውቅ፣ እህቱን እንደሚወዳት ነገር ግን ልክ ልክ መሆኑን ሃያ ደቂቃ አስረዳት። አበባውን በመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«እቴቴ ነኝ። ከኔ ነው?»

«እንደሚታየው… አዎ፣ እቴቴ።»

«እሺ።» ተዘጋ።

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «እሺ» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ እንደ ትንኝ ስትዞር ዋለች።

በስምንተኛው ቀን አንድ ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። ብቸኛዋ የምትላት ብልቃጥ አለች። ከወራት በፊት በቀጭን የመስተዋት ቱቦ አንዲት አሜባ፣ አንዲት ብቻ፣ መጥጣ ለይታ ያሳደገቻት ናት፤ በብልቃጡ ውስጥ ያሉት በሙሉ የዚያች የአንዷ ልጆች ናቸው። ለአዲስ መሣሪያ መሞከሪያ እንዲሆናት ከብቸኛዋ ሃያ ቅጂ አነበበች። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከአንዲት እናት ምን ሊመጣ።

ስድስት ዓይነት ወጣ።

ብልቃጡ ተቀላቅሎባት እንደሆነ ብላ ደገመችው። ስድስት። እጇን ታጥባ፣ ጓንት ቀይራ፣ ከሌላ አንዲት አሜባ የመጣ ብልቃጥ አውጥታ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበች። አምስት። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ልዩነቱ በአሜባና በአሜባ መካከል ብቻ አይደለም፤ በአንዷ አሜባ ገላ ውስጥም ነው። ያ ጂን በአንድ አስኳል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፎቹም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ብዙ ካነበብሽ ብዙ ዓይነት ታገኛለሽ፣ ጥቂት ካነበብሽ ጥቂት። ከእቴቴ አሥራ ሁለት ስላነበበች አምስት አገኘች፤ ከዶፉ አምስት ስላነበበች ሁለት። የቆየ ቤትና አዲስ ጎጆ ያለችው ሁሉ የራሷ የቱቦ መበላሸት ነበር።

ወደ ዶክተሩ ቢሮ ስትገባ ፊቷን አይተው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ዶክተሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ጊዜ ወሰዱ፣ ያኔ ያልወሰዱትን። «አንቺ ይመስለኛል ብለሻል» አሉ በመጨረሻ፤ «የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ለማኅበሩ ልደውል።» ደወሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አያነሳም። እንደገና ደወሉ፣ አያነሳም።

በዚያው ቅጽበት የሷ ስልክ ጮኸ፤ ባሏ ነው። ከጀርባው የመቀስ ድምፅ ይሰማል።

«ስሚ፣ እዚህ ግማሽ ፀጉሩን የተላጨ ሰው ተቀምጧል። የወደብ ሠራተኛ ነው። እቴቴ ከትናንት ጀምሮ ጉረኖዎቹን እየጎተቱ ነው ይላል። ሁለቱ ወጥተዋል፣ ሦስተኛው ዛሬ ጠዋት ተነስቷል።»

«ተሳስቼ ነበር» አለችው።

መቀሱ ቆመ። «ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«በይ እንግዲያው ቶሎ ሂጂ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራሱን እኔ በየቀኑ አያለሁ። አፉን ግን አንቺው ሄደሽ መልሺው።»

ወደብ ስትደርስ ነፋሱ ተነስቷል። የእቴቴ ጎታች መርከብ ሩቅ ላይ እንደ ጉንዳን ታየቻት፤ ከኋላዋ ቢጫ ክብ ታስከትላለች። ዓሦቹ በመረቡ እንዳይጨፈለቁ የሚጎተተው በሰው እርምጃ ፍጥነት ነውና ፈጣን ጀልባ ያደርስ ነበር። ፈጣን ጀልባ ግን ያለው አንድ ብቻ። እሱም ላይ ዶፉ ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል።

«ወደ እህትህ አድርሰኝ» አለችው።

«እህቴ ጋ? ምን ልትሠሪ? ግቢ፣ ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እሱ ረጥቧል፣ እዚያ ተቀመጪ።» ሞተሩን አስነሳ። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጉረኖ መጎተትን አስቸጋሪነት፣ የሷን የገረጣ ፊት አከታትሎ አነሳ። ወሽመጡ መሃል ሲደርሱ ነገረችው። ጮክ ብላ፣ ከሞተሩ በላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ዶፉ ሞተሩን ዝቅ አደረገው፤ ጀልባዋ ባለችበት መወዛወዝ ጀመረች።

«ስለዚህ ከኔ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም። አላውቅም ነው የምልህ።»

«ላብራቶሪ አላውቅም ይላል እንዴ? እኔ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ማኅበሩ ፊት ተናግሬያለሁ። ብመልስሽስ?»

«ዋኝቼ እሄዳለሁ።»

«ዋና አትችይም። በአምስተኛ ክፍል ከገንዳ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አትመልሰኝም።»

ትክ ብሎ አያት። ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ የመሰለች ነገር መጣችና ተመለሰች። ሞተሩን አጮኸው፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች። እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ይህ ደግሞ ሞግዚቷ ለባሏ ስትነግረው ያላመናት አንዱ ነገር ነው።

እቴቴ በጎታቿ መርከብ ጀርባ ላይ ቆመው መረቡን ይመለከታሉ። የወንድማቸውን ጀልባ ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ሞግዚቷ የመርከቧን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች።

«እቴቴ፣ ከእርስዎ ነው ያልኩት ስህተት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እባክዎን ያቁሙ።»

«ከኔ አይደለም ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም። ከማን እንደሆነ ገና አላውቅም።»

እቴቴ መረቡን መለስ ብለው አዩ። ነፋሱ ሻሻቸውን ይገፋል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ወር። ምናልባት ትንሽ ይበልጣል።»

«አቁም» አሉ ሞተሩን ለያዘው ሰው። በቃ፤ ስድብ የለ፣ ወቀሳ የለ። ሞግዚቷ ወደ ጀልባዋ ስትወርድ እቴቴ ከላይ ሆነው ወንድማቸውን አዩት። የማዕበሉ ፍንጣሪ ከአናቱ እስከ ወገቡ አርሶታል።

«ልብስህን ቀይር» አሉት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ዶፉ «እሺ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለሞግዚቷ እንዲህ በቀላሉ የሚተረክ አይደለም። ከሁለቱ እርባታ ከእያንዳንዳቸው ስልሳ ስልሳ ቅጂ አነበበች፤ አሁን ከሁለቱም እኩል፤ ይህን ያህል ሲነበብ ከጋራዎቹ ሌላ በአንዱ ወገን ብቻ የሚገኙ ዓይነቶችም ወጡ። ከስንጥብ ብቻ አይደለም፤ አሜባው በነፃም ይኖራልና ከባሕሩ ወለል ጭቃ አስወጣች። ከምሥራቁ ዐለት ሥር፣ ከወንዙ አፍ፣ ከወሽመጡ ውጭ። ጭቃውን በባልዲ ያወጡላት ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው፣ በየጀልባቸው፣ በየወገናቸው። ከእያንዳንዱ ጭቃ አንዲት አንዲት አሜባ እየመጠጠች ለየቻቸው። ባሏ በምሳ ሰዓት ሲመጣ አንገቷን እያሸላት «ይሄ አንገት የሰው አይደለም፣ የሰጎን ነው» ይላት ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ነው ስለ እንግዳው ያሰበችው። የአሜባው ጂን እንደ ገበያ ጫጫታ የተደበላለቀ ከሆነ የእንግዳውስ? አነበበችው። በእንግዳው ዘንድ ጫጫታ የለም ለማለት ይቻላል፤ ከአንድ ብልቃጥ የመጡ እንግዶች አንድ ቃል ይናገራሉ። የእቴቴ አሜባዎች እንግዳና የዶፉ አሜባዎች እንግዳ ግን በሰባት ፊደል ይለያያሉ። ሰባቱም በየናሙናው ያው ሰባት ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እቴቴ የመጨረሻውን የጭቃ ባልዲ ይዘው ራሳቸው መጡ። ሞግዚቷ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና ማይክሮስኮፑን አስተካከለችላቸው። እቴቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ሁለት ሰማያዊ» አሉ።

«አንዱ የሷ ነው። ሌላው እንግዳዋ ነው።»

«ከውጭ የገባ?»

«ድሮ፣ በጣም ድሮ። አሁን ከናት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዘሎ ሲገባ አላየንም።»

«መውጣት ቢፈልግስ?»

«አይችልም። ብቻውን ለመኖር የሚያስፈልገውን ብዙ ነገር ጥሏል። እሷ ናት የምታኖረው።»

«እሷስ ብታስወጣው?»

«እስካሁን ያለ እንግዳ የምትኖር አላገኘንም። እሷም ለሱ ብላ የለወጠችው ነገር አለ።»

እቴቴ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ሳያነሱ፣ «ታዲያ ምኑ እንግዳ ነው» አሉ። «ቤተኛ በሉት እንጂ።» ከዚያ ባልዲያቸውን አንስተው፣ የነካኩትን ጠረጴዛ በጨርቅ ጠርገው ሄዱ።

በሳምንቱ ሞግዚቷ ሁለት የዘር ሐረግ ሠራች። አንዱን ለአሜባዎቹ ከስልሳ ስልሳውና ከጭቃው አሜባዎች ቅጂ፣ ሌላውን ለእንግዶቹ፤ ብርሃን በሚያሳልፉ ሁለት ስስ ወረቀቶች ላይ አትማ በመስኮቱ ላይ ደረበቻቸው። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ገጠሙ። አሜባዎቹ በተለያዩበት ቦታ እንግዶቹም ተለያይተዋል። የእቴቴ አሜባ ከነእንግዳው ከምሥራቁ ዐለት ጭቃ ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ የዶፉ ከነእንግዳው ከወንዙ አፍ ጭቃ ጋር። ሁለቱ ቅርንጫፎች የሚገናኙት ታች፣ ከግንዱ አጠገብ ነው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ይሄ መለያየት የስንት ጊዜ ነው?»

«ቁጥር መናገር አልደፍርም። አሁንስ ለምዶብኛል። ግን በሰባቱም ቦታ እንዲህ ለመለያየት እንኳን ሁለት ዓመት፣ እርባታዎቹ ከተተከሉ ጀምሮ ያለው ዘመንም አይበቃም።»

«አንድ ቦታ ግን አይገጥምም» አሉ ጣታቸውን አንድ ጫፍ ላይ አድርገው። ከወሽመጡ ውጭ የመጣች አንዲት አሜባ ናት፤ አሜባዋ ወደ አንድ ቅርንጫፍ፣ እንግዳዋ ወደ ሌላ።

«አይቼዋለሁ። ሦስቴ ደግሜዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ጻፊው። አልገባኝም ብለሽ ጻፊው።» እሷ ጻፈችው። በዚህኛው ጊዜ ተቀምጠው አንብበው፣ በጠረጴዛ ላይ ፈረሙ።

የማኅበሩ አዳራሽ ያን ቀን ሞልቶ ነበር። ሞግዚቷ ቆማ በመጀመሪያ ስህተቷን ተናገረች፤ በምን እንደተሳሳተች፣ ስንት ቅጂ ከማን እንዳነበበች፣ ሁሉንም። አንድ ሁለት ሰዎች ከኋላ አጉረመረሙ። ቀጥላ ውጤቱን ተናገረች። ከእቴቴ ወደ ዶፉ የሄደ የለም። ከዶፉም ወደ እቴቴ። አሜባው እዚያው ጭቃ ውስጥ የኖረ ነው፤ ባሕሩ ሲሞቅ እያንዳንዱ እርባታ ከሥሩ ያለውን ተቀብሏል።

«ታዲያ ማን ይውጣ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንም። ቢወጡም ውጭ ያለውን ነው የሚያገኙት።»

ሰው ሁሉ ዶፉን ተመለከተ። እሱ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን ያዞራል። የሚናገር መስሎ ተነሳ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ተቆጥቶ ነው ያሉ ነበሩ። ከአዳራሹ ሲወጡ ግን የፈጣኗ ጀልባ ሞተር ከወደብ ተሰማ። ዶፉ ሁለት ሠራተኞች ይዞ ከወሽመጡ ውጭ ማዕበል ወደሚያንገላታቸው የእህቱ ሁለት ጉረኖዎች እየሄደ ነው። መጎተቱ ሦስት ቀን ፈጀበት። በሁለተኛው ቀን የአንደኛው መልሕቅ ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ሲል፣ እቴቴ በጎታች መርከባቸው መጡና ገመድ ወረወሩለት። ያኔ ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። ሠራተኞቹ የሚሉት፣ ብዙውን ያወራው እሱ ነበር፣ እሳቸው ግን ያለቀሱ ይመስላሉ፣ ወይም ነፋሱ ነው።

በተከታዩ ዓመት ባሕሩ ሲሞቅ በሽታው እንደገና መጣ፤ ማንም አልተገረመም። ልዩነቱ ቀድመው መዘጋጀታቸው ነው። የወንዙ ውሃ በዶፉ በኩል ነው፤ ሰፊዋ ጎታች መርከብ የእቴቴ ናት። ሁለቱን አገናኝተው በመርከቧ ሆድ ውስጥ በሸራ ገንዳ ሠሩ፤ ከወንዙ በቧንቧ ሞሉት፣ ዓሦቹን ተራ በተራ ከየጉረኖው እያሻገሩ ያጥቡ ጀመር። ሞግዚቷ በየጊዜው አንዳንድ ዓሣ እያወጣች ስንጥቡን ለማየት አጉሊ መነጽሯን ይዛ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች።

«ሁለት ሰዓት ይበቃል» አለ ዶፉ።

«ሁለት ተኩል» አሉ እቴቴ።

«ሁለት ተኩል ያዳክማቸዋል፤ ባለፈው ዓመት እኔ ሁለት አጥቤ ነው የዳኑልኝ፤ ቀዝቃዛ ቀን ቢሆን እሺ፣ ዛሬ ደግሞ ፀሐይ…»

«ሁለት ተኩል።»

ሁለቱም ወደ ሞግዚቷ ዞሩ። አንድ ዓሣ በመረብ አውጥታ ስንጥቡን ገለጥ አድርጋ አየች። ንፍጡ ሳስቷል፣ ገና አልለቀቀም።

«ገና ነው» አለች። «ስንት እንደሚቀር አሁን አልነግራችሁም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ አያለሁ።»

ዶፉ ቱታውን ሰብሰብ አድርጎ ከእህቱ አጠገብ የገመድ ክምሩ ላይ ተቀመጠና አንድ ሻጭ ስላታለለበት ቧንቧ ረጅም ወሬ ጀመረ። እቴቴ ዓይናቸውን ከገንዳው ሳያነሱ፣ አልፎ አልፎ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡታል። ሞግዚቷ ሰዓቷን አየችና ሌላ ዓሣ ለማውጣት መረቡን አነሳች።